ለዢዜል የሰጠሁት መልስ

ማርች 1፣ እሑድ

የሜፕል ዛፎቹ ዛሬ ጣፋጭ ውሃቸውን ማፍሰስ ጀመሩ። ሮላንድ ከቅዳሴ መልስ ልብሱን እንኳ አልቀየረም፤ ከረባቱን ኪሱ ከትቶ ውሃውን የሚቀበል ባልዲ በየግንዱ ላይ ሲሰቅል ዋለ። "ዓመቱን ሙሉ ለሚስትህ እንደዚህ ብትሮጥላት..." አልኩት። "አንቺ ዓመቱን ሙሉ ነው የምትፈሺው፤ እነሱ ግን ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው" አለኝ። ይሄ ሰውዬ የሜፕል ዛፍ ማግባት ነበረበት።

ትልቁ ልጃችን ኤሊስ አብሮት ጫካ ገባ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ባልዲ ከመሸከም ባልዲ መርገጥ ይወዳል። ፐርልን እቤት አስቀረኋት። "እማ፣ እኔም እንደ ዛፉ ጀመርኩ" አለችኝ አፍንጫዋን እያሳየችኝ። አምስት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ የሃምሳ።

የትምህርት ቤቱን ነርስ ትናንት ሱቅ አገኘኋት። ፐርል ከበጋው ዕረፍት በኋላ ትምህርት ትጀምራለች። "የትክትኩ ክትባት ይጎድላታል፣ ምን አሰብሽ?" አለችኝ ድንቹ መደርደሪያ ፊት ቆማ። እያሰብኩበት ነው አልኩ። ይኸው ከተወለደች ጀምሮ እያሰብኩበት ነው!

ማርች 3፣ ማክሰኞ

ልብስ እያጠብኩ፣ እስቲ ዛሬ የምሬን ላስበው አልኩ።

ኤሊስ ሁለት ወሩ ላይ ተከትቦ... ማምሻውን ጀመረ። ልቅሶ አልነበረም፣ ጩኸት ነው። የሱ ያልሆነ ድምፅ። ራት ቀረበ፣ ራት ተነሳ፣ እሱ አላቆመም። ከዚያ ዝም አለ። ነጭ ሆኖ እንደ እርጥብ ጨርቅ ክንዴ ላይ ተዘረጋ። ሞተብኝ ብዬ ነበር። በነጋታው ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሰው ይስቃል! ዶክተር ሃስኬል "አልፎ አልፎ ያጋጥማል፣ ጉዳት አይተውም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ አልተወም። እኔ ላይ ግን ተወ።

ፐርል በተወለደች ዓመት ደግሞ ያ የቴሌቪዥን ዝግጅት መጣ። የማይቀመጡ፣ የማይናገሩ ልጆች... እናቶቻቸው "ክትባቱ ነው" እያሉ ያለቅሳሉ። ሐኪሞቹ "አልተረጋገጠም" ይላሉ። እኔ የሰማሁት እናቶቹን ነው። የትክትኩ ተቀንሶ የቀረው ብቻ ይሰጣት አልኩ። ሮላንድ "ያን ቀን ልጁን የያዝሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺ ወስኚ" አለኝ። ወሰንኩ።

ትክትክን ማን አየው? እኔ አላየሁም። ክትባቱን ግን አይቼዋለሁ፣ ክንዴ ላይ ነበር።

ደግሞም... (ይህን ሰው አይስማኝ) በዚህ ከተማ ሁሉም ልጁን ያስከትባል። በሽታው በማን በኩል ይመጣል? ትኩሳቱንና ጩኸቱን የሌላ ሰው ልጆች ይቻሉት፣ የኔ ልጅ እነሱ በሠሩት ጥላ ሥር ትቀመጥ... እንደዚህ ነው ያሰብኩት? እንደዚሁ ነው።

ማርች 7፣ ቅዳሜ

የዓመቱ የመጀመሪያ ማፍላት። የዛፉ ውሃ ሽሮፕ እስኪሆን ትልቁ ገንዳ ላይ ሲፈላ ማፍያ ቤቱ በእንፋሎት ይሞላል፤ የቆመውን ሰው ከወገቡ በላይ አታየውም። ፐርል ከትናንት ጀምሮ ትስላለች። እቤት ልተዋት ነበር። አማቴ ናቸው እንቢ ያሉት፤ ልጆቹም እኛም ሜሜር (አያቴ) ነው የምንላቸው። "አምጪያት ባክሽ! እንፋሎቱ ያወጣላታል። በዚህ ቤት ሳል የያዘው ልጅ ሁሉ እዚያ ገብቶ ነው የዳነው።" እውነት ነው፣ ሁሉም እንደዚያ ያደርጋል። ጠቅልዬ ወሰድኳት።

የሮላንድ ታናሽ ወንድም ሊዮንም መጣ፣ ከሚስቱ ከዢዜልና ከልጃቸው ከኤሚል ጋር። ኤሚል ገና አምስት ሳምንቱ። ስንት ዓመት የጠበቁት ልጅ! በእኛ ቤት ክረምት ላይ የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያው ማፍላት ቀን ገንዳውን ይዞራል። ሁሉም ሰው በየተራ ይይዘዋል፣ ከሜሜር እስከ ትንሹ ልጅ። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። ሮላንድም ዞሯል፣ ልጆቼም ዞረዋል።

ልጁ ሜሜር እጅ ላይ እንዳለ ፐርል ሳለች። ዢዜል ወደ እንጨቱ ክምር ሳብ አደረገችኝ።

"ዳርሊን፣ አትቀየሚኝ... ሳሏ ምንድን ነው?"

"ጉንፋን ነው ባክሽ።"

"ክትባቷን ጨርሳለች አይደል? ያልተከተበ ልጅ አታስጠጊበት ብለውኝ ሰውን ሁሉ እንደ እብድ እየጠየቅሁ ነው።"

"ጨርሳለች" አልኩ።

"ኡፍ! አንቺን መጠየቄ ራሱ ያሳፍራል" አለችና ሳመችኝ።

ሮላንድ ሰምቷል። ዐይኑን ከገንዳው አላነሳም። አረፋውን ይገፋል፣ ይገፋል... አረፋ አልነበረውም።

ለምን እንደዚያ አልኩ? ብሎ መጠየቅ ምን ያደርጋል። ቀኑ ያማረ ነበር፤ ሁሉም ይስቃል፣ ትኩሱ ሽሮፕ ከረሜላ እንዲሆን በረዶ ላይ እየተንጠባጠበ ነው... "አልተከተበችም" ብል ሁሉም ዞሮ ሊያየኝ ነው። ሜሜር "ያ የቴሌቪዥኑ ነገር!" ብለው ሊጀምሩ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ኤሚል እጅ ለእጅ ዞረ። መጨረሻ ላይ ፐርል ያዘችው፣ እኔ ከሥር እየደገፍኳት። አፍንጫውን ሳመችው።

ማርች 10፣ ማክሰኞ

ጉንፋን ነው። ጉንፋን ነው። ጉንፋን ነው።

ማርች 12፣ ሐሙስ

ጉንፋን አይደለም። ቁርስ ላይ ያዛት። ሳሉ አየር የሚያስገባ ክፍተት የለውም፣ ይከታተላል፣ ፊቷ ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ... ከዚያ አየሩን ስትስብ የወጣው ድምፅ! እንደ ዝገት ማጠፊያ። አስመለሳትና ወዲያው "እማ፣ ቁርሴን መልሺልኝ" አለችኝ። ሳቅሁም አለቀስኩም።

ዶክተር ሃስኬል ጋ ወሰድኳት። በሩ ላይ ሆነው ድምፁን ሲሰሙ እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። "ይሄን ድምፅ ወጣት ሐኪም ሳለሁ ነው የማውቀው" አሉ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ለቤቱ ሰው ሁሉ መድኃኒት አዘዙ።

"አጠገቧ የነበረ ሕፃን አለ?"

"አለ።"

"ዛሬውኑ ያምጡት። ሳል እስኪጀምረው አይጠብቁ፤ መድኃኒቱ የሚጠቅመው ሳይቃጠል በቅጠል ነው።"

እቤት ገብቼ ኮቴን ሳላወልቅ ደወልኩ። የፐርልን ሳል ዶክተሩ ትክትክ ሊሆን ይችላል አሉ አልኳት። "ቆይ፣ ተከትባ የለ እንዴ?" አለች ዢዜል።

ያኔ ነበር። በሩ ወለል ብሎ ነበር፣ መግባት ብቻ ነው።

"ለማንኛውም ኤሚልን ልየው ብለዋል ዶክተሩ" አልኩ።

"አይ፣ ከተከተበችማ ሌላ ሳል ነው። መኪናችን እዚህ ጭቃ ውስጥ እስከ ጎማው ገብታለች፤ ማክሰኞ ቀጠሮ አለው፣ ያኔ ያዩታል። አስደነገጥሽኝ እኮ!"

አስደነገጥኳት። ከዚያ አጽናናኋት። በውሸቴ።

ሮላንድ ገብቶ "ነገርሻት?" አለኝ። ነገርኳት አልኩ። "ሁሉንም?" አለኝ ደግሞ። "አንተስ አፍ የለህም? ወንድምህ አይደለም?" አልኩት። ቆቡን አድርጎ ወደ ማፍያ ቤቱ ተመለሰ። ሁለት ፈሪዎች ተጋባን።

ማርች 14፣ ቅዳሜ

ንስሐ ገባሁ። አባ ላሞንታኝ ሲሰሙኝ ቆዩና "ለእኔ ነገርሽኝ፣ ለእሷስ?" አሉኝ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ እነግራታለሁ አልኩ። ስወጣ ቀለለኝ... ለእግዚአብሔር መንገር ለዢዜል ከመንገር ይቀላል። እሱ ልጅ ይዞ አይጠይቀኝም።

ማርች 15፣ እሑድ

ዢዜል ቅዳሴ አልመጣችም። ሊዮን ብቻውን ነው። "ኤሚል ጡት እንቢ ብሏታል፣ እንቅልፍ አበዛ" አለኝ። "ይስላል?" አልኩ። "አይስልም።"

አይስልም! ደስታዬን አልችለውም። መንገዱን ሁሉ እየዘመርኩ ተመለስኩ። ካልሳለ ምን እነግራታለሁ? ነገሩ በራሱ አለፈ ማለት ነው። ለምን በከንቱ ልቀያየም?

ማርች 16፣ ሰኞ

በዚህ ዕድሜ ላይ ያለ ሕፃን ላይስል ይችላል። መተንፈስ ብቻ ያቆማል። አላወቅሁም... አልጠየቅሁም።

ሊዮን ከበርሊንግተን ሆስፒታል ደወለ። ጠዋት ዢዜል እጅ ላይ ሰማያዊ ሆነ አለኝ። ጀርባውን መታች፣ ተነፈሰ፣ እንደገና አቆመ። አምቡላንሱ ዋናው መንገድ ላይ ቆሞ እሷ ልጁን ታቅፋ ጭቃውን በእግሯ ሮጠች። የሊዮን ድምፅ የሽማግሌ ሆኗል።

"ልቡ ነው፣ ሳንባው ነው እያሉ ነው። ትክትክ ያለበት ሰው ነበር ወይ ብለው ጠየቁን፤ የወንድሜ ልጅ ትስላለች ግን ተከትባለች አልናቸው።"

"ሊዮን፣ ፐርል አልተከተበችም።"

"ምን?"

"ለትክትክ አልተከተበችም። ዋሽቻችኋለሁ። ትክትክ ነው፤ ዶክተር ሃስኬል አረጋግጠዋል። አሁኑኑ ንገራቸው።"

ስልኩ ወደቀ። አልተዘጋም፤ ሲሮጥ ሰማሁት። ማንም መጥቶ አላነሳውም። እኔም መዝጋት አቅቶኝ የሆስፒታሉን ኮሪደር ድምፅ ሳዳምጥ ቆየሁ። ሰው ያልፋል፣ ጋሪ ያልፋል።

ማርች 18፣ ረቡዕ

ሆስፒታል ሄድኩ። ሮላንድ አብሬሽ ልግባ አለ፤ መኪናው ውስጥ ቆይ አልኩት። የዋሸሁት እኔ ነኝ። (ዝም ያለው እሱ ነው፣ እሱ ተራውን ለወንድሙ ይንገር።)

ኤሚል የመስታወት ሣጥን ውስጥ ተኝቷል። አፍንጫው ላይ ቱቦ፣ ጭንቅላቱ ላይ መርፌ። ከመጀመሪያው የፈራሁት ይሄን ነበር... ልጅ ላይ መርፌ።

ዢዜል ወንበር ላይ ናት። ፀጉሯን ከሰኞ ጀምሮ አላበጠረችውም። ሳታየኝ ነው ያወራችው።

"አንድ ጥያቄ ነበር የጠየቅሁሽ።"

"አዎ።"

"ላለማስከተብሽማ ምክንያት ነበረሽ። ኤሊስ ያን ቀን ሲጮህ እኔም እቤትሽ ነበርኩ፣ እስካሁን ይሰማኛል። ለውሸቱ ምን ምክንያት ነበረሽ?"

"አፈርኩ።"

"አፈርሽ።" ቃሉን ቀስ አድርጋ መለሰችልኝ። "ብታመነቺ እንኳ ይበቃኝ ነበር እኮ ዳርሊን። ትንሽ ዝም ብትይ። ልጄን አንሥቼ እወጣ ነበር፣ አንቺም ትቀየሚኝ ነበር፣ በቃ! ሐሙስ ዕለትስ? እሺ ቅዳሜን አፈርሽ፤ ሐሙስስ?"

ምን እላታለሁ? ሐሙስም አፈርኩ። ከቅዳሜው ይበልጥ አፈርኩ። የመጀመሪያው እፍረት ትንሽ ነበር፤ ቀለብ እየሰጠሁ አሳደግሁት።

ይቅርታ አልኳት። "አሁን ውጪ" አለችኝ። በቁጣ አይደለም። ደክሟት ነው።

ማርች 22፣ እሑድ

ኤሚል አለ። ከዚህ ሌላ ወሬ የለም። አለ፣ ይተነፍሳል፣ ያቆማል፣ ያስተነፍሱታል።

ሜሜር ቤት ሾርባ ይዤ ሄድኩ። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል፣ አልነኩትም።

"እኔ ነኝ አምጪያት ያልኩሽ" አሉ።

"ተዉት ሜሜር። እርስዎ አላወቁም።"

"ምን አላውቅም? ወንድሜ አርተር በትክትክ ነው የሞተው። እናቴ ማፍያ ቤቱ ውስጥ ታቅፋው፣ እንፋሎቱ መሃል። እንፋሎት ማንንም አድኖ አያውቅም፣ ልጄ። እጃችን ባዶ እንዳይሆን ነው የምናደርገው። የዳኑትን እናወራለን፣ አርተርን አናወራም።"

አምስት ዓመት ሙሉ ትክትክን ማን አየው እያልኩ... ያየችው ሴት በየእሑዱ ገበታዬ ላይ ነበረች። አልጠየቅኋቸውም፣ አልነገሩኝም።

ማርች 29፣ እሑድ

የውሃው ወራት አለቀ። ዛፎቹ እምቡጥ አወጡ፣ ሽሮፑ ጠቆረ። ሮላንድ ባልዲዎቹን ብቻውን አወረደ። ሌላ ጊዜ ከሊዮን ጋር ነበር የሚያደርገው። ትናንት ሄዶ ተራውን ነግሮታል፤ ሰምቼ ዝም አልኩ ብሎታል። ሊዮን ምን አለህ አልኩት። "በሩን አልዘጋብኝም" አለኝ።

ፐርል አሁንም ትስላለች። ትስላለች፣ ታስመልሳለች፣ ትጫወታለች። ትድናለች ብለዋል ዶክተሩ። ምነው የኔዋ ብቻ እንዲህ ቀለላት?

ስመዝነው የኖርኩትን መልሼ አሰብኩት። በአንድ በኩል ኤሊስና ጩኸቱ፣ በሌላ በኩል ፐርልና ያላየሁት በሽታ። ያን ቀን የፈራሁት ፍርሃት ውሸት አልነበረም፤ ዛሬም ኤሊስ እንደዚያ ቢሆንብኝ እፈራለሁ። ግን ስመዝን ሚዛኑ ላይ የነበሩት የኔ ልጆች ብቻ ናቸው። የሌላ ሰው ልጅ አንድም አልወጣበትም። ገና ያልተከተበ፣ መከተቢያው ጊዜ እንኳ ያልደረሰ... እሱ የት ነበር? ጥላው ሥር ልቀመጥ ስል ገፍትሬ ያስወጣሁት ማንን ነው?

ኤፕሪል 12፣ እሑድ

ኤሚል እቤቱ ገባ። ከሜሜር ነው የሰማሁት። ከስቷል አሉ፣ ግን ይጠባል። ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ። ዶሮዎቹ ምን ሆነች ብለው ከበቡኝ።

ኤፕሪል 19፣ ፋሲካ

ሁልጊዜ ሜሜር ቤት በአንድ ላይ ነበር የምንበላው። "እናንተ ምሳ፣ እነሱ ራት" አሉን ዘንድሮ። ኤሊስ "ለምን ተከፈልን?" አለ። ሮላንድ እኔን አየኝ። እኔ ካሮቱን አየሁ።

ሜይ 9፣ ቅዳሜ

ሱቅ ውስጥ አንዲት ሴት... የታችኛው ሠፈር ናት፣ ስሟን አላውቀውም፣ ሆዷ ገፍቷል። "አንቺ ልጅሽን ያላስከተብሽው አይደለሽ? ድና የለ! እኔም ላልሰጥ ነው" አለችኝ፣ እንደ ባልንጀራ ክንዴን ይዛ። ድናለች አልኳት። ከዚያ የቀረውን ነገርኳት። ኤሚልን፣ ሰማያዊውን ከንፈር፣ ስልኩን። "ጨርሳለች" ማለቴንም። ሰው ቆሞ ሰማ፣ ባለሱቁም ሰማ። ፊቴ ነደደ። ሴትዮዋ ክንዴን ለቀቀች።

ምን እንደምትወስን አላውቅም። ጋሪዬን ትቼ ወጣሁ፤ ዳቦ ሳልገዛ ነው የተመለስኩት።

ሜይ 20፣ ረቡዕ

ፐርል ጫማዋን ሳስርላት፣ "ኤሚልን ያሳመምኩት እኔ ነኝ?"

ማን ነገራት? ማንም። ልጅ ጆሮ አለው።

"አይደለሽም። እኔ ነኝ።"

"አንቺ አልሳልሽም እኮ።"

"አልሳልኩም። አክስትሽ ጠይቃኝ እውነቱን አልነገርኳትም። አንቺ የሳልሽው ስላመመሽ ነው፤ እኔ የዋሸሁት ግን ሳያመኝ ነው።"

አሰበችበት። "ይቅርታ ጠየቅሻት?" ጠየቅኋት አልኩ። "እሺ አለችሽ?" ገና ነው አልኩ። ሌላኛውን እግሯን ሰጠችኝ።

ጁን 14፣ እሑድ

ዢዜል መጣች።

በረንዳው ላይ አተር እየፈለፈልኩ ነበር። ልጆቹ ከሮላንድ ጋር ወንዝ ወርደዋል። የሊዮን መኪና ቆመ፣ ወረደች፣ ከኋላ ልጁን አወጣች። ጎድጓዳ ሳህኑ ከጭኔ ላይ ወደቀና አተሩ ተበተነ። ኤሚል ወፍሯል! ጉንጭ አውጥቷል። ባርኔጣውን ሊያወልቅ ይታገላል።

ደረጃው ሥር ቆመች። እንደምን አለሽ አልተባባልንም። ደረጃውን ወጣችና ልጁን ወደኔ ዘረጋችው።

"ያዢው" አለችኝ።

ከማርች ወር ጀምሮ በሕልሜ ሳይቀር የጠበቅሁት ቃል ነው። እጆቼ ራሳቸው ተነሡ። ጠዋት ስነሣ ግን ጉሮሮዬን ከርክሮኝ ነበር። የሣር ብናኝ ይሆናል፣ ሮላንድ ትናንት ሣር ሲያጭድ ነው የዋለው። ምንም አይደለም ይሆናል። አልጠየቀችኝም ደግሞ። ባልናገር በምን ታውቃለች?

"ዢዜል፣ ከጠዋት ጀምሮ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል። ብናኝ ይመስለኛል፣ ግን አላውቅም።"

ልጁን መልሳ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ሁለት ደረጃ ወረደች። መሄዷ ነው አልኩ። በቃ፣ አመጣችው፣ ወሰደችው። እጆቼን የት እንደማደርጋቸው ጠፋኝ፤ ጎንበስ ብዬ አተር መልቀም ጀመርኩ።

አልሄደችም። የበረንዳው ወዲያኛው ጫፍ ላይ፣ ነፋሱ ከእሷ ወደኔ በሚነፍስበት በኩል ተቀመጠች። ባርኔጣውን አውልቃ ፊቱን ወደኔ አዞረችው።

"እዚያው ሁኚ" አለችኝ። "ከዚያም ይታይሻል።"

ይታየኛል። ሁለት ጥርስ አብቅሏል። ሳላነሣው፣ ሳልነካው፣ ልጆቹ ከወንዝ እስኪመለሱ ድረስ ከወዲያና ከወዲህ ስናወራ ቆየን። ስለ አተሩ፣ ስለ ሊዮን ጀርባ ሕመም፣ ስለ ዝናቡ።